ሰዓታችሁ ጠርዝ ላይ ያሉት 400፣ 300፣ 200 ምን ይሠራሉ? ታኪሜትር ከሀ እስከ ፐ

የመጀመሪያዋን ክሮኖግራፍ ሰዓቴን (በቁልፍ እያስነሡ እያቆሙ ሰከንድ የሚቆጥሩባትን ዓይነት) የገዛሁ ቀን ሻጩን "ዙሪያውን ያለው ቁጥር ምንድነው?" አልኩት። ሳያመነታ "የዋና ነው ወንድሜ፣ ውኃ ውስጥ ስትገባ ጥልቀቱን ይነግርሃል" አለኝ። አመንኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ "ጥልቀት መለኪያ ነው" እያልኩ ሳስረዳ ኖርኩ። ሰዓቷ ግን እንኳን ጥልቀት ልትለካ፣ እጄን ስታጠብ ራሱ መስታወቷ ከውስጥ ጉም የሚለብስ ዓይነት ነበረች።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። እነዚያ ቁጥሮች ታኪሜትር ይባላሉ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፣ ፍጥነት መለኪያ እንደማለት። እኔ የማውቃቸው ባለ ታኪሜትር ሰዓት የሚያደርጉ ሰዎች አብዛኞቹ አንዴም ተጠቅመውበት አያውቁም፣ ጌጥ ነው የሚመስላቸው። አጠቃቀሙ ግን ቡና እስኪፈላ የሚለመድ ነገር ነው። አንዴ ከገባችሁ ደግሞ ከመኪና ውጪም ለብዙ ነገር ይሆናል፤ እኔ ራሴ አሁን አሁን በብዛት የምጠቀምበት ለውኃ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ተሠርቶ ያለቀ ሒሳብ

በአንድ ሰዓት ውስጥ 3600 ሰከንድ አለ። አንድ ኪሎሜትር በስንት ሰከንድ እንደሄዳችሁ ካወቃችሁ፣ 3600ን ለዚያ ሰከንድ ታካፍላላችሁ፤ የሚመጣው ቁጥር በሰዓት ስንት ኪሎሜትር እየሄዳችሁ እንደሆነ ይነግራችኋል። በ36 ሰከንድ ከሄዳችሁት፣ 3600 ለ36 ሲካፈል 100። በ45 ሰከንድ ከሆነ 80። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ድሮ ደብተር ጀርባ ላይ ይታተም የነበረውን የማባዣ ሰንጠረዥ ታስታውሳላችሁ? ታኪሜትር ያው እሱ ነው፣ ማካፈያ ሆኖ፣ ክብ ተደርጎ የተጻፈ። ሒሳቡን ፋብሪካው ሠርቶላችኋል። የእናንተ ሥራ ሰከንድ ቆጣሪዋ የቆመችበትን ቦታ ማንበብ ብቻ ነው።

አሁን ሰዓቱን አንሡና እዩት። 12 ቁጥር አናት ላይ 60 አለ። 9 ቁጥር ትይዩ፣ ማለትም 45ኛው ሰከንድ ላይ፣ 80። 6 ቁጥር ትይዩ 120። 3 ቁጥር ትይዩ 240። 100 ደግሞ 36ኛው ሰከንድ ላይ፣ ከ7 ቁጥር ትንሽ አለፍ ብሎ። ሁሉም ቁጥር ላይጻፍ ይችላል፣ አንዳንዱ ሰዓት 240ን በነጥብ ብቻ ያልፈዋል። ግን 60፣ 80 እና 120 ከእነዚህ ቦታዎች ፈቀቅ ካሉ ችግር አለ ማለት ነው። ወይ ቀለበቱ የሚሽከረከር ነውና 60ን አዙራችሁ 12 ላይ ማምጣት አለባችሁ፣ ወይ ደግሞ ሰዓቱን የሠራው ሰው ምን እየሳለ እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ርካሽ ሰዓት ላይ 120 ከ6 ቁጥር ሸሽቶ 7 አጠገብ የተጻፈበት አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን በእርግጥም ለጌጥ አድርጉት።

በነገራችን ላይ ሰዓታችሁን የሞላችሁት በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ እዚህ ላይ ምንም ለውጥ የለውም። ስድስት ሰዓት ቢለያዩም ሰከንዷ ያው አንድ ናት።

ዙሪያው ላይ ቁጥር ያለው ሁሉ ታኪሜትር አይደለም

ታኪሜትር የሚለየው ወደ ቀኝ ስትዞሩ ቁጥሩ እየቀነሰ በመሄዱ ነው፦ 400፣ 300፣ 200 እያለ 60 ላይ ያልቃል። 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50 እያለ የሚጨምርና ቀለበቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ከሆነ የጠላቂዎች ሰዓት ነው። እሱም ቢሆን ውኃ ውስጥ የቆዩበትን ደቂቃ እንጂ ጥልቀት አይለካም፤ ሻጬ በሁለቱም በኩል ነው የተሳሳተው። ቴሌሜትር የሚባል ደግሞ አለ፣ ብልጭታ አይታችሁ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ያለውን ጊዜ ወደ ርቀት የሚቀይር። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎሜትር ያህል ነው፣ ይህን በቃል መያዝ ራሱ ይበቃል።

መጀመሪያ ሰዓታችሁን እወቁት

መሃል ላይ ያለችው ረጅሟ ቀጭን ቆጣሪ 12 ላይ ድርቅ ብላ ቆማለች? ብዙ ሰው ይህን አይቶ "ሰከንዷ ሞታለች" ብሎ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ይሮጣል። አልሞተችም። የክሮኖግራፍ ቆጣሪ ናት፣ እስክትታዘዝ ነው የምትጠብቀው። የዘወትሩ ሰከንድ ከትንንሾቹ ክቦች አንዱ ውስጥ ለብቻው ይዞራል።

በቀኝ በኩል ሰዓቱ የሚሞላበት መጠምዘዣ አለ፣ ከሱ በላይና በታች ደግሞ ሁለት ቁልፎች። የላይኛው ያስነሳል፣ ደግማችሁ ስትጫኑት ያቆማል። የታችኛው ወደ ዜሮ ይመልሳል። በተለይ በሜካኒካል ሰዓት ላይ ቆጣሪዋ እየሄደች የታችኛውን አትጫኑ፣ መጀመሪያ አቁሟት። ቁልፉ አልጫን ካላችሁ በጉልበት አትሂዱበት፤ አንዳንድ ሰዓት ውኃ እንዳይገባ ቁልፎቹ በጥርስ የሚታሰሩ ናቸው፣ ወደ ግራ ፈታ አድርጋችሁ ሞክሩ።

አንድ ጊዜ አስነሡ፣ አቁሙ፣ ወደ ዜሮ መልሱ። ቆጣሪዋ በትክክል 12 ላይ ካልተመለሰች የምታነቡት ሁሉ ስህተት ይሆናል። በብዙ የባትሪ ሰዓቶች መጠምዘዣውን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ የላይኛውን ወይም የታችኛውን ቁልፍ ስትነኩ ቆጣሪዋ ትንሽ ትንሽ እያለች ትንቀሳቀሳለች። 12 ላይ አድርሷትና መጠምዘዣውን መልሱት።

መኪና ውስጥ፣ ሹፌር ሳትሆኑ

የመጀመሪያው ልምምድ መንገድ ላይ ነው። እያሽከረከራችሁ አታድርጉት፤ ዓይናችሁ ሰዓት ላይ ሆኖ 100 ላይ የሚሄድ መኪና መያዝ ጤና አይደለም። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ይሥራው።

የሚያስፈልጋችሁ የታወቀ አንድ ኪሎሜትር ነው። የኪሎሜትር ድንጋይ ወይም ሰሌዳ ያለበት መንገድ ከሆነ አለቀ። ከሌለ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ርቀት ይለካል፣ በለመዳችሁት መንገድ ከአንድ ድልድይ ተነሥታችሁ አንድ ኪሎሜትር ላይ ያለውን ማደያ ወይም ዛፍ ቀድማችሁ ምረጡ። ሹፌሩን "ፍጥነትህን አትቀያይር" በሉት። ይህ ዋናው ነገር ነው። ታኪሜትር የሚነግራችሁ የዚያን ኪሎሜትር አማካይ ፍጥነት ነው፤ መሃል ላይ ፍሬን ከተያዘ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።

የመጀመሪያው ምልክት ከመስኮታችሁ ጋር እኩል ሲሆን የላይኛውን ቁልፍ ተጫኑ። ሁለተኛው ምልክት ያው መስኮት ጋ ሲደርስ ደግማችሁ ተጫኑ። አንዴ በፊት መስታወት፣ አንዴ በጎን መስኮት እያያችሁ አትጫኑ፣ ርቀቱ ይዛባል። ቆጣሪዋ 40ኛው ሰከንድ ላይ ከቆመች ጫፏ 90ን ታሳያለች፣ በሰዓት 90 ኪሎሜትር።

በሁለት ቁጥሮች መካከል ስትቆም በዓይናችሁ ገምቱ፤ ግን ክፍተቶቹ እኩል አለመሆናቸውን ልብ በሉ። በግራ በኩል ከ70 እስከ 60 ድረስ ከስምንት ሰከንድ በላይ ክፍተት አለ፣ ለማንበብ ይመቻል። በቀኝ በኩል ከ400 እስከ 300 ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው።

ለምን ልልፋ፣ ዳሽቦርዱ አይነግረኝም ወይ ትሉ ይሆናል። ይነግራችኋል፣ ሁልጊዜ እውነቱን ግን አይደለም። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ዳሽቦርዱ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ እንዳያሳይ ይከለክላል፣ ከፍ አድርጎ ማሳየት ግን እስከ 10 በመቶ፣ ሲደመር 4 ኪሎሜትር ይፈቅድለታል። ስለዚህ በእውነት 80 እየሄዳችሁ 92 ብታዩ እንኳ መኪናው ከደንብ አልወጣም። ጎማ ሲቀየር ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። አንድ ወዳጄ ከድሮው የሚተልቅ ጎማ አስገብቶ "ዳሽቦርዴ 80 ነው የሚለው፣ ትራፊክ ምን አለኝ" ይል ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጎኑ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ለካሁለት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከ42 ሰከንድ ትንሽ አለፍ ብላ ቆመች። 85 ማለት ነው። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ይሄዳል፣ ዳሽቦርዱ ግን የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ነው።

ታዲያ እንዲህ ስትፈትሹ ርቀቱን ከመኪናው ኪሎሜትር ቆጣሪ ላይ አትውሰዱ። የሱም መረጃ የሚመጣው ከዚያው ከጎማው ዙር ነው፣ ተከሳሹን ምስክር አድርጎ እንደመጥራት ይሆንባችኋል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ተመቻችቶላችኋል። ኢንተርስቴት መንገዶች ላይ በየማይሉ ትንንሽ አረንጓዴ ሰሌዳ አለ። ከአንዱ እስከ ሌላው በ48 ሰከንድ ከደረሳችሁ ቆጣሪዋ 75 ላይ ትቆማለች፣ በሰዓት 75 ማይል። ምንም መቀየር አያስፈልግም፤ ታኪሜትር ኪሎሜትርም ማይልም አያውቅም፣ የሰጣችሁትን ርቀት ነው መልሶ የሚሰጣችሁ።

ስህተቱ ከየት ይመጣል

ከጣታችሁ። ማንም ሰው ምልክቱን አይቶ ቁልፉን እስኪጫን ትንሽ ይዘገያል። ሲነሣም ሲቆምም እኩል ብትዘገዩ ይካካሳል፣ ግን ሁልጊዜ እኩል አይሆንም። አንድ ሰከንድ ተሳሳታችሁ እንበል። 120 ላይ በሚሄድ መኪና አንድ ኪሎሜትር 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ 29 ብትይዙ 124፣ 31 ብትይዙ 116 ይወጣል። መድኃኒቱ ርቀቱን ማስረዘም ነው፦ ሁለት ኪሎሜትር ለኩና ያነበባችሁትን በሁለት አባዙ። በ120 ፍጥነት ሁለት ኪሎሜትር ልክ 60 ሰከንድ ነው፣ ታኪሜትሩ 60 ይላል፣ እጥፉ 120። ያቺው የአንድ ሰከንድ ስህተት አሁን የምታዛባችሁ በሰዓት በሁለት ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነው።

ከደቂቃ በላይ ሲወስድስ?

አብዛኛው ሰው እዚህ ነው የሚሳሳተው። አዲስ አበባ ውስጥ በሰላም 60 የሚኬድበት መንገድና ሰዓት ፈልጎ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎሜትር ብዙ ጊዜ ከ60 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። 75 ሰከንድ ፈጀ እንበል። ቆጣሪዋ አንዴ ዞራ 15ኛው ሰከንድ ላይ ትቆማለች፣ ታኪሜትሩም በድፍረት 240 ይላችኋል። ሚኒባስ በ240!

የተለመደው መፍትሔ ግማሽ ኪሎሜትር ለክቶ ንባቡን ለሁለት ማካፈል ነው። ይሠራል። እኔ ግን የምወደው ሌላ ዘዴ አለ፣ መጀመሪያ ሳገኘው ብቻዬን ሳቅሁ። ታኪሜትሩን ገልብጣችሁ አንብቡት። 75 ሰከንድ ፈጀ? ጠርዙ ላይ 75 የሚለውን ቁጥር ፈልጉና ከስንተኛው ሰከንድ ትይዩ እንደተጻፈ እዩ። 48ኛው ላይ ነው። መልሱ እሱ ነው፣ በሰዓት 48 ኪሎሜትር። 90 ሰከንድ ከፈጀ፣ 90 የተጻፈው 40 ላይ ነው፣ ስለዚህ 40። 120 ከሆነ 30። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሰከንዱና ፍጥነቱ ሲባዙ ሁልጊዜ 3600 ስለሚሆኑ ቦታ ቢቀያየሩ ሒሳቡ አይፈርስም።

ይህ ዘዴ ለሯጮች ትልቅ ነገር ነው። ሯጭ የሚያወራው "ኪሎሜትሩን በአራት ደቂቃ" እያለ ነው፣ የጂም መሮጫው ማሽን ደግሞ የሚጠይቃችሁ በሰዓት ስንት ኪሎሜትር ብሎ። አራት ደቂቃ 240 ሰከንድ ነው፤ 240 የተጻፈው 3 ቁጥር ትይዩ፣ 15ኛው ሰከንድ ላይ ነው። ማሽኑን 15 ላይ አድርጉት። አምስት ደቂቃ 300 ሰከንድ ነው፣ እሱ ያለው 12ኛው ሰከንድ ላይ ነው፣ 12። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎሜትሩን በአንድ ሰዓት ልጨርስ ብላችሁ ካሰባችሁ ኪሎሜትሩን በስድስት ደቂቃ፣ ማለትም በ360 ሰከንድ ነው የምትሮጡት፤ 360 ራሱ ላይጻፍ ይችላል፣ ከ400 እና ከ300 መካከል 2 ቁጥር ትይዩ ገምቱት። 10 ይሆናል። በዘፈንና በውኃ እየተረጩ የሚጠፋውን ጊዜ ግን ታኪሜትር አያውቅም።

በአጭር ርቀት፣ መም ላይ

100 ሜትር የኪሎሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ 100 ሜትር ለክታችሁ ያነበባችሁትን ለ10 አካፍሉ። ልጃችሁ 100 ሜትርን በ18 ሰከንድ ሮጠ? ቆጣሪዋ 200 ላይ ነች፣ በሰዓት 20 ኪሎሜትር።

አሁን ለንጽጽር። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ። ያ ማለት እያንዳንዱ 100 ሜትር በአማካይ 15.8 ሰከንድ ገደማ፣ ታኪሜትሩ ላይ 228፣ በሰዓት 22.8 ኪሎሜትር። እንዲህ ያለ መቶ ሜትር መቶ ጊዜ፣ ያለ እረፍት። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ ደግሞ 100 ሜትሩን በ18.75 ሰከንድ፣ በሰዓት በ19.2 ኪሎሜትር ነበር የምትሄደው። ከላይ ካለው ልጃችሁ ትንሽ ብቻ ዝግ ብላ፣ ግን ለ42 ኪሎሜትር። ለማመን ከከበዳችሁ መም ላይ ውጡና ቆጣሪዋን 18 ተኩል እና 19 መካከል ለማቆም ሞክሩ፣ አንድ መቶ ሜትር ብቻ። እኔ ሞክሬያለሁ፤ 21 ላይ ቆመችብኝ፣ ወገቤን ይዤም ቆምኩ።

ክሮኖግራፍ ለሌላችሁ

ታኪሜትር የተሳለበት፣ ክሮኖግራፍ ግን የሌለው ሰዓት ብዙ ነው። አንዳንዱ ላይ ትንንሾቹ ክቦች ጭራሽ ሥዕል ናቸው፣ ቁልፎቹም ተጣብቀው የተሠሩ። ስትገዙ የላይኛውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ጌጥ ነው የምትገዙት፣ ዋጋውንም እንደ ጌጥ ተከራከሩ። መሃል ላይ የምትዞር ሰከንድ ካለች ግን ያም ቢሆን መጠቀም ይቻላል። ሰከንዷ 12 ላይ ስትደርስ ጀምሩ፣ ሥራው ሲያልቅ ያለችበትን አንብቡ። ለመኪና አይመችም፣ ድንጋዩ እናንተን አይጠብቅም። መጀመሪያውን እናንተ ለምትወስኑት ነገር ግን በቂ ነው።

ሰዓት ወዳዶች "ለእሽቅድምድም ነው የተሠራው" ሲሉ ትሰማላችሁ፣ ልክ ናቸው። ታኪሜትርን ከፊቱ አውጥቶ ጠርዙ ቀለበት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው የኦሜጋ ስፒድማስተር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1957። የሮሌክስ ዴይቶና በ1963 ተከተለ፣ ስሙም የፍሎሪዳው የመኪና ውድድር ቦታ ነው። ያ ስፒድማስተር በ1969 በበዝ ኦልድሪን እጅ ላይ ሆኖ ጨረቃ ላይ ወረደ፤ የኪሎሜትር ድንጋይ በሌለበት አገር ታኪሜትሩ ሥራ ፈትቶ መሆን አለበት። ዴይቶናው ቀለበት ላይ የተቀረጸው ግን ኪሎሜትር ሳይሆን በእንግሊዝኛ "በሰዓት ስንት አሃድ" የሚል ነው። አሃዱ ምን እንደሆነ አልተጻፈም፣ እናንተ ናችሁ የምትመርጡት።

ስለ ውኃው

እኛ ሰፈር ውኃ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ እሱም ሌሊት። ሮቶው እስኪሞላ ነቅቶ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ እንቅልፍ ከወሰደኝ ሞልቶ ግቢውን ያጥለቀልቃል፣ ጠዋት የጎረቤት ፊት አይታይም። አንድ ሌሊት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቧንቧው ስር አድርጌ ሰከንዷን አስነሣሁ። አፉ ድረስ ሲሞላ አቆምኳት፣ 45 ሰከንድ። ታኪሜትሩ 80 ይላል። በሰዓት 80 ጀሪካን፣ 1600 ሊትር ማለት ነው። ሮቶው 2000 ሊትር ይይዛል። ባዶ ከሆነ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅበታል።

ግፊቱ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ አሁን በየጊዜው ጀሪካኗን አስቀድሜ እሞላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጣ፣ ቆጣሪዋ እንደገና 80 ላይ ቆመች። ስልኬን ለ10 ከሩብ ሞልቼ ተኛሁ።